አሥራ አራት ኮርስ፣ አንድ መርዶ

በ2083 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቁት ስለ ጤና አልነበረም። «ስንት ያዘች?» ወይም «ስንት ያዘ?» ነበር የሚባለው። የሚጠየቀው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ልጅ ከመደበኛ ትምህርቱ ጋር ስንት የዩኒቨርሲቲ ኮርስ እንደያዘ ነው። መልሱ አሥራ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጠያቂው «ማሻአላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይርዳት» ይላል። ከዚያ በታች ከሆነ ወሬ ይቀይራል።

እንድሪስ ይማም በባቡር ጣቢያው የጥገና ክፍል ፍሬን ሠራተኛ ነበር። ሃምሳ ዓመቱ ነው። ረምላ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ረምላ አሥራ አራት ኮርስ ይዛለች። እንድሪስ ይህን ቁጥር ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ኩራቱም ፍርሃቱም እንዳይታወቅበት።

እሱ በተማረበት ዘመን ሁለት ኮርስ መያዝ ጉብዝና ነበር። እንድሪስ ሁለት ያዘ። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲዎቹ አራት ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አያውቅም። አሁን ዩኒቨርሲቲዎቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ዘግተዋል፤ መምህራኑም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወርደዋል። ከአሥራ ሁለት ኮርስ በታች የያዘ ልጅ ማመልከቻው አይከፈትም። እንድሪስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌሎች የነደፉትን ፍሬን ሲፈታና ሲገጥም ስለኖረ፣ ልጁ በሁለት ኮርስ እንደቀረው እንደ እሱ እንዳትሆን ብቻ ነበር ምኞቱ።

የሚኖሩበት ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ በራቸው አረንጓዴ ጨርቅ ተሰቅሎበታል። ጨርቁ ቤቱ ውስጥ ተፈታኝ አለ ማለት ነው። ጎረቤቶች በዚያ ኮሪደር ሲያልፉ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይይዛሉ። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ሕፃን ያለበት ቤት መስኮቱን ይዘጋል። ሰርግ ከከተማ ውጭ ነው የሚደገሰው። ለቅሶም ከመናኸሪያው ጀርባ አዳራሽ ተሠርቶለታል፤ ግድግዳው ድምፅ አያሳልፍም፣ ሰው ተራ ይዞ ይገባና አልቅሶ ይወጣል።

ረምላ ምሳዋን የምትበላው እየጻፈች ነበር። በግራ እጇ መጻፍ የተማረችው ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ነው፤ ቀኝ እጇ ለመብላት እንዲተርፍላት። ትምህርት ቤቱ የእንቅልፍ ክፍል ስላለው በቀን ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ትተኛለች። እናቷ ሰዓዳ ጠዋት ጠዋት ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ለቅማ በወረቀት ጠቅልላ ትጥለዋለች። ለእንድሪስ አሳይታው አታውቅም። እሱ ግን አይቶታል፤ ማየቱን አልነገራትም።

በዚህ ሁሉ መሀል ረምላ ድምፅ አውጥታ የምትስቀው አርብ አርብ ማታ ብቻ ነበር፤ ከአክስቷ ጋር በስልክ ስታወራ።

አክስቷ ወይዘሮ ዘምዘም ይማም የእንድሪስ ታላቅ እህት ናቸው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሂሳብ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። እንድሪስና ሰዓዳ ሁለቱም በፈረቃ ይሠሩ ስለነበር ረምላን እስከ ሰባት ዓመቷ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ቁጥር መቁጠርም፣ ዋናም፣ ሰውን ፊት ለፊት መናገርም የተማረችው ከእሳቸው ነው።

የኮርስ ቁጥር በሚሞላበት የመስከረም ሳምንት ወይዘሮ ዘምዘም ሳይጠሩ በጠዋቱ አውቶቡስ መጡ። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንስተው አነበቡት።

«ሦስት» አሉ መነጽራቸውን ሳያወልቁ። «ሂሳብ፣ ኬሚስትሪ፣ አንድ ደግሞ ራሷ የምትወደው።»

«እትዬ፣ ቅጹ ላይ ሦስት የሚባል ቁጥር የለም» አለ እንድሪስ። «ከስድስት ነው የሚጀምረው።»

«እንግዲያው ስድስት።»

«በስድስት ማመልከቻዋን አይከፍቱትም።»

«አይክፈቱታ! እነሱ ስላልከፈቱት ልጅቷ ትሞታለች?»

«አንቺ ጡረታሽን ይዘሽ ስለተቀመጥሽ ነው እንዲህ የምትይው። ዕድሜ ልኳን ከባቡር ሥር ተኝታ ብሎን ስትፈታ ማየት ትፈልጊያለሽ?»

ወይዘሮ ዘምዘም ቅጹን መልሰው አስቀመጡት። «ስማኝ እንድሪስ። ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር አሥራ አራት ነገር ባንድ ጊዜ የሚማር ልጅ አላየሁም። አሥራ አራት ነገር ባንድ ጊዜ የሚፈራ ልጅ ግን አይቻለሁ። ይቻትልህ!» ብለው ወደ ረምላ ጠቆሙ።

ረምላ በግራ እጇ መጻፏን ሳታቆም ሳቀች። «እትዬ፣ እችላለሁ እኮ።»

«መቻልሽን ማን ጠየቀሽ?» አሉ አክስቷ።

እንድሪስ አሥራ አራት ብሎ ሞልቶ ፈረመ። ወይዘሮ ዘምዘም ምሳ ሳይበሉ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ግን አርብ በመጣ ቁጥር ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እየደወሉ ትምህርት ቤቱ ለተፈታኝ በሚፈቅደው አሥር ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ ሦስቱን በቁጣ ያሳልፉ ነበር። «ዛሬም አሥራ አራት ነው? አባትሽ እስካሁን አላፈረም?» ይሏታል። ረምላ ከት ብላ ትስቃለች።

ፈተናው በጥር መጀመሪያ ጀመረ። ለአሥራ አራት ኮርስ አሥራ አራት ፈተና ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ በመካከሉ እረፍት የለም። የመጨረሻው ሰኔ አሥራ ስምንት ነበር።

ጥር ሃያ ሁለት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እንድሪስ ሥራ ቦታ ሳለ ከሐይቅ ስልክ ተደወለለት። የደወሉት የእህቱ ጎረቤት ወይዘሮ ፋጤ ናቸው። ወይዘሮ ዘምዘም በር ላይ ቆመው እያወሩ ሳለ የደም ግፊታቸው ጨምሮ ወደቁ፤ አልተነሡም። እንድሪስ የመሥሪያ ቤት መኪና ለምኖ ደረሰ። ከአስር ሶላት በኋላ ቀበሯቸው።

ሲመለስ ደሴ ላይ መኪናውን አስቁሞ ከጫማው ላይ የመቃብሩን አፈር ታጠበ። ጣቢያው ደርሶ የሥራ ልብሱን ደረበና ወደ ቤት ገባ።

«አባ፣ አመሸህ» አለች ረምላ ከመጽሐፏ ቀና ሳትል።

«ፉርጎ ተበላሽቶብን» አለ።

ሰዓዳ ምድጃው ጋ ፊቷን አዙራ ቆማለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ጎረቤቶቹም ሰምተዋል። በማግስቱ አሳንሰሩ ውስጥ ያገኙት ሁሉ እጁን ጨብጠው ጠበቅ እያደረጉ ዝም ብለው ወረዱ።

በዚያው ጠዋት ትምህርት ቤቱ አስጠራው። የኮርስ አማካሪዋ ወይዘሮ ትርንጎ በስልሳዎቹ የሚገኙ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ተነሥተው ተቀበሉት።

«አቶ እንድሪስ፣ ነፍስ ይማር። የሞት ምዝገባው ትናንት ማታ ደርሶናል።»

«አመሰግናለሁ።»

«ተማሪዋ ሰምታለች?»

«አልሰማችም። እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ…»

«እሱን እኛ እናግዝዎታለን» አሉና አንድ ቅጽ ወደ እሱ ገፋ አደረጉ። «የመርዶ ማቆያ ነው። ፈተና እስኪያልቅ ነው የሚቆየው። ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ዝምታ ነው። ሟች ሩቅ አገር ሄደዋል፣ ኔትወርክ የለም፣ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራታል። ሁለተኛው ድምፅ ነው። የአርብ ስልካቸው እንደነበረው ይቀጥላል።»

እንድሪስ ቅጹን አየው። «በእሷ ድምፅ?»

«በእሳቸው ድምፅ። የአርብ ስልኩ በእኛ መስመር ስለሚቀዳ ብዙ ንግግራቸው አለን። እውነቱን ልንገርዎ፣ ዝምታ የመረጡ ቤተሰቦች ልጆች በአማካይ ከሁለት ኮርስ በላይ ይወድቃሉ። ይጨነቃሉ፣ ይጠይቃሉ። ድምፅ የመረጡት ግን ምንም አይሆኑም። የእርስዎ ልጅ ሁለት ብትወድቅ አሥራ ሁለት ላይ ናት። ሦስት ብትወድቅ…»

ወይዘሮ ትርንጎ አልጨረሱትም። መጨረስም አያስፈልግም ነበር።

«እስከ መቼ ነው?»

«እስከ ሰኔ አሥራ ስምንት።»

«አምስት ወር ነው እኮ!»

«አሥራ አራት ስለያዘች ነው» አሉ አማካሪዋ ረጋ ብለው። «ሦስት ቢሆን ኖሮ የካቲት አሥር ያልቅ ነበር።»

ይህን የተናገሩት ሊያሾፉበት አልነበረም፤ አስልተው ነው። እንድሪስ ግን እህቱ የጠራችው ቁጥር ትዝ አለው። እስክሪብቶውን አንሥቶ ድምፅ በሚለው ላይ ምልክት አደረገና ፈረመ።

አርብ ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የረምላ ስልክ ጮኸ።

«የኔ ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ?» አለ ስልኩ። ወይዘሮ ዘምዘም ነበሩ። ሳላቸውም፣ ከሳሉ በኋላ «አይይ» የሚሏት ነገርም አልቀረችም። ሰዓዳ እጇን አፏ ላይ ጭና መኝታ ቤት ገባች። እንድሪስ ወደ ደረጃው ወጥቶ አሥሩ ደቂቃ እስኪያልቅ ተቀመጠ።

በሁለተኛው አርብ ደረጃው ላይ አልወጣም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። በሦስተኛው የረምላ በር ጋ ነበር። አራተኛው አርብ ሲመጣ ከሥራ ቶሎ ብሎ መግባት ጀምሯል። የእህቱን ለቅሶ በአዳራሹ ሃያ ደቂቃ ብቻ አልቅሶ የወጣ ሰው ነውና፣ ያ ድምፅ፣ ቃሉ ባይለይለትም፣ በሩን አልፎ ሲሰማ ለአፍታ ሁሉም ነገር ያልሆነ ይመስለዋል። ከሰዓዳ ጋር በዚህ ጉዳይ አላወሩም። ስለ ሌላውም ነገር ማውራት ቀንሰዋል፤ ረምላ በምትሰማበት ቤት ውስጥ የሚወራ ሁሉ አፋቸው ላይ እየተመዘነ ነበር የሚወጣው።

መጋቢት ውስጥ አንድ አርብ ረምላ ውኃ ልትጠጣ ስትወጣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትታው ሄደች። እንድሪስ ሳያስበው ገብቶ አነሣው።

«እትዬ» አለ።

«እንድሪስ፣ ልጅቷን አታቋርጣት» አለ የእህቱ ድምፅ። «አራት ደቂቃ ነው የቀራት።»

ስልኩን ባነሣበት ቦታ መልሶ አስቀመጠው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገው።

በመጋቢት መጨረሻ፣ ስምንተኛው ፈተና ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረምላ ምሳ ላይ መጻፏን አቆመች። ይህ ከሁለት ዓመት ወዲህ ያልሆነ ነገር ስለነበር እናትና አባቷ እኩል ቀና አሉ።

«አባ፣ እትዬ አሟታል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናት። ምነው?»

«አትቆጣኝም።»

«እና አለመቆጣት መጥፎ ነው?» አለች ሰዓዳ። ድምፅዋ ቀጠነ።

«ከጥር ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥታኝ አታውቅም። አሥራ አራት ብዛት ነው ማለት ተወች። አንተን መስደብም ተወች። ባለፈው አርብ ሆን ብዬ አሥራ አምስተኛ ኮርስ ልጨምር ነው አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«ጎሽ፣ በርቺ አለችኝ።» ረምላ አባቷን ፊት ለፊት አየችው። «እትዬ እኮ ጎሽ አትልም። እዚያው ስልኩን ዘግታ ለአንተ ደውላ ነበር የምትጮኸው።»

እንድሪስ ለዚህ ቀን ስንት ውሸት አዘጋጅቶ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ግን ከመካከላቸው በጣም ደካማው ነው አፉ ላይ የመጣለት።

«ሰው ሲያረጅ ይለሰልሳል፣ ልጄ።»

ረምላ «እሺ» አለችና በግራ እጇ መጻፍ ቀጠለች።

ስምንተኛውን ፈተና ከመቶ ዘጠና ስድስት አመጣች። እስካሁን ካመጣችው ሁሉ ከፍተኛው ነው። ሰዓዳ «አልሐምዱሊላህ፣ አልገባትም» አለች። እንድሪስ ግን በጣም ፈራ። ልጅቷ ምግብ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትፈተናለች፣ ማንንም ምንም አትጠይቅም።

በሚቀጥለው አርብ ጆሮውን በሯ ላይ ለጥፎ አዳመጠ።

«እትዬ፣ ግን ስንት ኮርስ ይበቃኛል?» ስትል ሰማ።

«የጀመርሽውን መጨረስ ነው፣ የኔ ዓለም» አለ ድምፁ።

«እሺ፣ እትዬ።»

በሩን ከፍታ ስትወጣ አባቷን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። አልደነገጠችም። ዓይኑን እያየች፣ ሳቅ በሌለበት ፈገግታ «አባ፣ እትዬ ሰላም ብላሃለች» አለችው።

እንድሪስ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው። ልጁ እውነቱን ታውቅ ይሆናል፣ ላታውቅም ይችላል፤ መዋሸትን ግን ተምራለች። ያስተማራት እሱ ነው። ከአሥራ አራቱ ኮርሶች ውጭ እሱ ራሱ ቤት ውስጥ ያስተማራት ነገር ይህ ነበር።

ለሰዓዳ «ረቡዕ እወስዳታለሁ» አላት።

«ረቡዕ ዘጠነኛው ፈተና ነው!»

«አውቃለሁ።»

«እንድሪስ፣ ሁለት ወር ምናምን ነው የቀረው። እስካሁን ተሸክመነዋል። ከዚህ በኋላ ብንነግራት ምን ይጠቅማታል? ሁለታችንንም ነው የምትጠላን።»

«ትጥላን።»

ሰዓዳ ብዙ ከተከራከረች በኋላ ተወችው። ረቡዕ ማለዳ ግን የልጅቷን ቦርሳ ከፍታ በመጻሕፍቱ መሀል አንድ ጥቁር ሻሽ አጥፋ አስገባች።

ሚያዝያ አሥር፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አባትና ልጅ ከሕንጻው አብረው ወጡ። ወደ ትምህርት ቤት በሚያስኬደው መታጠፊያ ላይ እንድሪስ አልታጠፈም። ረምላ አንድ ጊዜ ወደዚያ አየችና ተከተለችው። መናኸሪያ ገብተው የሰሜኑ አውቶቡስ ላይ ተሳፈሩ።

ደሴ ላይ «ፈተናው ሦስት ሰዓት ይጀምራል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ የት ነው የምንሄደው?»

«ሐይቅ።»

ረምላ መስኮቱን ማየት ጀመረች። ጉንጯ ላይ እንባ ወረደ፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም። እንድሪስ እጇን ያዘ። መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ሽማግሌ ይላካል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል፣ ዘመድ ዙሪያውን ይቆማል። እሱ ግን ሰው በሞላበት አውቶቡስ ውስጥ፣ ማንም ከጎኑ ሳይኖር ተናገረው።

«እትዬ ሞታለች፣ ልጄ። ጥር ሃያ ሁለት። ማክሰኞ ቀን።»

«ጥር?» አለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። ትቆጥር ነበር። «አሥራ አንድ አርብ። አሥራ አንድ ጊዜ ከማን ጋር ነው ያወራሁት?»

እንድሪስ እጇን ጠበቅ አደረገ።

«አባ፣ ያን ሁሉ ነገር ለማን ነው የነገርኩት? ፊደሎቹ ገጹ ላይ ይንሸራተቱብኛል አልኳት። የእንቅልፍ ክፍል ውስጥ ሃያውን ደቂቃ ሙሉ አለቅሳለሁ አልኳት። ለእናንተ አትንገሪ ብያት ነበር።»

«አልነገረችንም» አለና በራሱ ቃል ደነገጠ።

«መጋቢት ላይ ወደ ስድስት ልውረድ አልኳት። ራሴ ሄጄ ቅጹን ልሙላ፣ አንቺ አባን አነጋግሪልኝ አልኳት።» ድምፅዋ እየጨመረ መጣ። ከፊት የተቀመጡ ሰዎች ዞሩ። «አባትሽ በጣም ያዝናል አለችኝ። አይዞሽ፣ አባትሽን አታሳዝኚው አለችኝ። በአንተ አስፈራራችኝ!»

እንድሪስ ከጥር እስከ ሚያዝያ በልቡ ያመቀው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣና አውቶቡሱ ውስጥ ጮኾ አለቀሰ። ረምላ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም ነበር። እጇን አልነጠቀችውም፤ ግን አላባበለችውም።

ሐይቅ ሲደርሱ ወይዘሮ ፋጤ በር ላይ ተቀበሏቸው። ልጅቷን እንዳዩ ነገሩ ገባቸው። «ዛሬ ነው የነገርካት?» ብለው እንድሪስን በቁጣ አዩትና ረምላን አቅፈው ወደ ሟች ቤት አስገቧት። የሰፈሩ ሴቶች አንድ በአንድ መጡ። ሐይቅ ውስጥ የለቅሶ አዳራሽ አልተሠራም። ረምላ መጀመሪያ ድምፅዋን ዋጥ እያደረገች፣ በእጇ አፏን እየከደነች ነበር የምታለቅሰው። አንዲት እናት እጇን ከአፏ ላይ ቀስ ብለው አነሡላት። «እዚህ የሚፈተን የለም፣ ልጄ። ልቀቂው» አሏት። ለቀቀችው። እንድሪስ ደጅ ሆኖ ሰማት። እስከ ምሳ ሰዓት አላቆመችም። ቦርሳዋ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ስልክ ሰባት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው የአማካሪዋ ቢሮ ገቡ። ወይዘሮ ትርንጎ አልተቆጡም።

«አቶ እንድሪስ፣ የማቆያ ውሉን አፍርሰዋል። ቢሆንም መፍትሔ አለ። የሀዘን ፈተና የሚባል አለን፤ እስከ ነገ ማታ ከተፈተነች ዘጠነኛው ይያዝላታል። ቀሪዎቹን አምስት ከቀጠለች አሁንም አሥራ አራት ናት።»

«አልፈተንም» አለች ረምላ።

«እንግዲያው አሥራ ሦስት ላድርግሽ? አሥራ ሦስትም ይከፈታል።»

«የጨረስኩት ስንት ነው?»

«ስምንት።»

«ስምንት ይበለኝ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ወደ አባትየው ዞሩ። «በስምንት የትም አትገባም። ዘንድሮም፣ ምናልባትም ለዘላለሙ። ይህን ያውቁታል? የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል።»

እንድሪስ ያውቀዋል። ባቡር ሥር ተኝቶ ያሳለፋቸው ሠላሳ ዓመታት በሙሉ ይህንኑ ሲነግሩት ኖረዋል። ስምንት የሚለው ቁጥር ለልጁ ይበቃት እንደሆነ፣ ወይስ ይህ ቀን ዕድሜ ልኳን የምትጸጸትበት ይሆን እንደሆነ፣ ማንም ሊነግረው አይችልም ነበር። ረምላን አያት። አሥራ አንድ አርብ ሙሉ ያልጠየቃትን ነገር ጠየቃት።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አላውቅም፣ አባ። ደክሞኛል። አሁን የማውቀው እሱን ብቻ ነው።»

እንድሪስ ፈረመ። በዚያው ቀን አንድ ሠራተኛ መጥቶ አረንጓዴውን ጨርቅ ከበራቸው ላይ አውርዶ ወሰደ። ከማግስቱ ጀምሮ ጎረቤቶች ኮሪደሩን በጫማቸው አለፉ። ሥራ ቦታም «ስንት ሆነች?» ሲሉት «ስምንት» ይላል፤ ሰዎቹ ለእህቱ ሞት እንኳ እንደዚያ አላዘኑለትም።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ማመልከቻዋን አልከፈቱትም። የሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው ሆነ። ረምላ በአክስቷ ቤት ለመኖር ሐይቅ ሄደች፤ እዚያ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሂሳብ ረዳት መምህርት ሆና ተቀጠረች። ፀጉሯ መልሶ በቀለ። የተከፋች ትመስላለች ወይ ብለው ሰዎች ሰዓዳን ይጠይቃሉ፤ ሰዓዳ አንዳንድ ቀን አዎ፣ አንዳንድ ቀን አይ ትላለች፤ ሁለቱም እውነት ነው። ትምህርት ቤቱ የአሥራ አንዱን አርብ ንግግር እንዲያጠፋ እንድሪስ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገባ፤ «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ሦስት ጊዜ ደረሰው።

ረምላ ስልክ አትወድም። እናቷ ስትደውል አጭር ትመልሳለች፣ አባቷ ሲደውል አታነሣም ነበር። ይህ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቆየ። ከዚያ አንድ ሰኞ፣ እንድሪስ ከአንድ ፉርጎ ሥር ሆኖ ሲሠራ ስልኩ ጮኸ።

«አባ።»

ብድግ ሲል ግንባሩ ከብረት ጋር ተጋጨ። «ረምላ! ምን ሆንሽ? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።» ትንፋሿ ይሰማዋል። «አባ፣ ተቆጣኝ።»

«ምን?»

«ተቆጣኝ እስቲ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው የሚቆጣበት ነገር ፈለገ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፅዋን የሰማ ሰው ምን ብሎ ይቆጣል?

«ለምንድን ነው… ለእናትሽ የማትደውዪላት?» አለ።

«በደንብ፣ አባ።»

«እናትሽ ስልክ ስልክ እያየች ልትታወር ነው! በዓል መጣ፣ በዓል ሄደ፤ የት ነሽ? ቅዳሜ እመጣለሁ ብለሽ ነበር፣ ሰው ጠርተን፣ ምግብ ሠርተን፣ አልመጣሽም። ቢያንስ አልመጣም አይባልም? ምን ዓይነት ልጅ ነሽ? እኔን ተዪኝ፣ እኔ በድያለሁ፤ እሷ ምን አደረገችሽ? እኮ ንገሪኝ፣ ምን አደረገችሽ?»

ድምፁ በጥገናው አዳራሽ አስተጋባ። ሠራተኞቹ መፍቻቸውን ይዘው ቆሙ። እሱ ግን አላያቸውም፤ እንባው እየወረደ፣ በነጻው እጁ የፉርጎውን ጎን እየደበደበ ቀጠለ። ከወዲያ ማዶ ረምላ ታዳምጥ ነበር። አልዘጋችውም።